የማይታየው መንገድና የጋሽ አድማሱ ሰዓት

በዚህ ምድር ላይ «አጥፍተህ አብራው» እንደሚል ሰው የሚያናድደኝ የለም። እስቲ ሆድህን አሞህ ሐኪም ቤት ብትሄድ «ሙትና ተነሣ» ይሉሃል? አይሉህም። የእኔ ጉድ ግን፣ «አጥፍተህ አብራው» እያልሁ ልጆች የማሳድገው እኔው ራሴ መሆኔ ነው። እንጅባራ ከተማ፣ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። «ባለሙያ» የሚለው ማዕረግ የሚገኘው የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ ብቻ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ስሜ «ያ ሽቦ የሚነካካው» ነው። ማተሚያው ወረቀት ሲነክስ፣ አምፖል ሲቃጠል፣ የሥራ አስኪያጇ ስልክ ሲቆለፍ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የዘበኛው ሬዲዮ ከስፖርት በቀር ሌላ አልይዝ ሲል የተጠራሁት እኔ ነኝ። ሁሉንም አጥፍቼ አበራሁ።

የዛሬው ወጌ ግን አጥፍቼ ባበራሁት ቁጥር ስለባሰ ነገር ነው።

የዩኒየናችን ሥራ የዘር ድንች ነው። ገበሬው ዘሩን ያስረክባል፣ ደረሰኝ ይቀበላል፣ እኛ አከማችተን ዘር ለሚፈልግ ሌላ አገር እናደርሳለን። ዋናው ቢሮ እንጅባራ ነው፤ ቅርንጫፉ ዳንግላ። ከሁለታችን በላይ ባሕር ዳር የበላይ ቢሮ አለ፤ እዚያ ቢሮ ውስጥ አንድ ኢንጂነር አለ፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው። ይህ ኢንጂነር በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት መግቢያ ላይ «ከእንግዲህ ሪፖርት በሚኒባስ መላክ ቀረ፤ ሁላችሁም በቨርቹዋል ኔትወርክ ትገናኛላችሁ» ብሎ አዘዘ።

ቨርቹዋል ኔትወርክ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ለሥራ አስኪያጃችን ለወይዘሮ ትርንጎ ባስረዳሁበት መንገድ ላስረዳችሁ። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል የራሳችን የሆነ ሽቦ የለንም። ያለው፣ ዓለም ሁሉ የሚጋፋበት ኢንተርኔት ነው። እኛ በዚያ ግፊያ መሀል ለራሳችን ብቻ የምናልፍበት የተሸፈነ መሹለኪያ እናበጃለን። የዳንግላው ኮምፒውተር በመሹለኪያው መጥቶ የእንጅባራውን ዋና ኮምፒውተር በር ያንኳኳል። ዋናው ኮምፒውተር መታወቂያውን ያሳየዋል። የዳንግላው መታወቂያውን አገላብጦ «አዎ፣ አንተው ነህ» ካለ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ እንደተቀመጡ ሆነው ያወራሉ።

ወይዘሮ ትርንጎ መነጽራቸውን አውልቀው በጥሞና ሰሙኝ።

«እንግዲህ የማይታይ መንገድ ነው የምትለኝ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ተበላሸ ያልኸኝም እሱው ነው?»

«እሱው ነው።»

«የማይታይ ከሆነ መበላሸቱን በምን አየኸው?»

ላፕቶፔን አንሥቼ ወጣሁ።

ቀልዱ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ቦርዱ ተሰበሰበና «ዳንግላ እስከ ዓርብ ካልተገናኘ ቅርንጫፉ ይዘጋ፤ ገበሬው ዘሩን እንጅባራ ድረስ ያምጣ» ብሎ ወሰነ። ከባሕር ዳር የመጣ ሐሳብ መሆኑ ያስታውቃል፤ የድንች ጆንያ ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። የዳንግላ ዙሪያ ገበሬ ከቤቱ እስከ ቅርንጫፋችን በአህያ ያመጣል። ከዚያ ወዲያ አህያዋም እሱም አይችሉም። እዚያ ስብሰባ ላይ ደሜ ፈላ። ቃል የምናገርበት ቦታ ሳይሆን የሻይ ብርጭቆ የማነሣበት ጥግ ላይ ቆሜ ሳለ «እስከ ዓርብ ካላገናኘሁት ሱሪ አልታጠቅሁም!» ብዬ ጮህሁ።

የእንጅባራን የጥቅምት ብርድ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ መሐላ በዋዛ አይምልም። ጭጋጉ ቤት ድረስ ገብቶ እሳት ዳር ለመቀመጥ በሚሻማበት አገር ላይ ያለ ሱሪ የመሄድን ነገር አስቡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኮሪደር ያገኘኝ ሁሉ በእግዜር ሰላምታ ፋንታ «ሱሪህ እንዴት ነው?» ይለኝ ጀመር።

መጀመሪያ በስልክ ሞከርሁ። የዳንግላው ቅርንጫፍ ኃላፊ ጋሽ አድማሱ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር። ትምህርት ቤት ሳሉ ደወል የሚደውሉት እሳቸው ነበሩ። ዳንግላ ውስጥ ሰዓቱ የቆመበት ሰው የሚያስተካክለው ጋሽ አድማሱ በደጁ ሲያልፉ አይቶ ነው ይባላል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ሞደሙን ያጥፉና ያብሩት።»

«ሳትነግረኝ አጥፍቼ አብርቻለሁ።»

«መብራቶቹ እንዴት ናቸው?»

«አረንጓዴ ናቸው፤ የመስከረም ሜዳ መስለዋል።»

«ኢንተርኔቱስ?»

«ዜና እያነበብሁበት ነው። ዜናው ነው እንጂ የማይረባው ኢንተርኔቱ ደኅና ነው።»

«የኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓትስ ትክክል ነው?»

ጋሽ አድማሱ ስልኩ ውስጥ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ምን አልኸኝ?»

«ለወጉ ያህል ነው ጋሼ… መጠየቅ ስላለበት…»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ደወል የደወልሁ ሰው ነኝ። እኔ ባለሁበት ቤት ሰዓት አይሳሳትም። በየማለዳው ቆሜ የማስተካክለው እኔው ራሴ ነኝ። ትክክል ነው!»

ይቅርታ ጠይቄ ዘጋሁ። ሰዓቱን ከጥርጣሬዬ ውስጥ አወጣሁት። አደራ፣ ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ታማሚ ሲገኝ መድኃኒት የማያውቅ ሰው የለምና ምክር ይጎርፍልኝ ጀመር። ሒሳብ ሹሟ «ጭጋጉ ነው፤ ጭጋግ ኔትወርክ ይበላል» አለች። ዘበኛው «ጠበል አርከፍክፍበት፤ ባይድንም አይከፋም» አለኝ፤ ውኃና ኤሌክትሪክ እንደማይስማሙ ስነግረው እምነቴን ተጠራጠረ። ወይዘሮ ትርንጎ ደግሞ አንድ ሌሊት ሙሉ ሲያስቡበት አድረው «ያ የተሸፈነ መሹለኪያ ያልኸኝ በአዲስ ቅዳም በኩል ያልፋል አይደል?» አሉኝ። «እንግዲህ… በዚያ በኩል ሳይሆን አይቀርም» አልሁ። «በል ጨርሰሃል! እዚያ አገሩ ሁሉ ከሰል ያከስላል። ጉድጓድ ሲቆፍሩ ቆርጠውብሃል።» ነገሩ እንዲህ እንዳልሆነ ለማስረዳት አፌን ከፍቼ፣ የተሸፈነ መሹለኪያ ብዬ የነገርኋቸው ራሴ መሆኔ ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት።

ረቡዕ በማለዳ ላፕቶፔን ታቅፌ የዳንግላ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጉልበታቸው ላይ ዶሮ ይዘዋል፤ እኔ ጉልበቴ ላይ ላፕቶፕ ይዣለሁ። አዲስ ቅዳም ስንደርስ አንድ ከሰል የጫነ ጎረምሳ ጆንያውን ከእግራችን ሥር ሊያስገባ ታገለ። ወያላው «ትንሽ ጠጋ ጠጋ» ሲል ሴትየዋ ዶሮዋን ላፕቶፔ ላይ አሳረፏትና «ይህ ሰፋ ያለ ነው፣ ይችላታል» አሉ። ዶሮዋ እስከ ዳንግላ ድረስ ከላፕቶፔ ላይ አልወረደችም። ትታ የሄደችውን ነገር መግለጽ አያስፈልግም፤ ጠርጌዋለሁ። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ፣ ዳንግላ ስደርስ ምን ዓይነት ስሜት ላይ እንደነበርሁ እንድታውቁልኝ ነው።

ቅርንጫፉ ደጅ ላይ አህዮች ቆመዋል፣ ጆንያ ተደርድሯል። ከገበሬዎቹ ፊት አያ ጥሩነህ ቆመዋል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋቢያቸውን እንደ ዳኛ የለበሱ ሽማግሌ። ቤታቸው አውኝኛ ነው የሚናገሩት፤ አማርኛቸው ግን የእኔን ያስከነዳል። «መንገድ ጠጋኙ መጣ?» አሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ዓይናቸው ሱሪዬ ላይ ቆየ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ በማይታየው መንገድ ዳንግላ ገብቷል ማለት ነው።

ጋሽ አድማሱ ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። ሥራ ጀመርሁ። በመጀመሪያ ላፕቶፔን በቅርንጫፉ ኢንተርኔት ላይ ሰካሁትና የእንጅባራውን ዋና ኮምፒውተር አንኳኳሁ። ወዲያው ተከፈተልኝ። እንግዲህ መስመሩ ደኅና ነው፤ ጭጋጉም፣ ከሰል አክሳዮቹም ነጻ ወጡ። የቅርንጫፉን ኮምፒውተር በዚያው መስመር ላይ ሰካሁት። አንኳኳ። በሩ ድረስ ደረሰ። መታወቂያውን አየ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ተመለሰ።

ፕሮግራሙን አውጥቼ እንደገና ጫንሁ፤ ተመለሰ። ኬብሉን ለወጥሁ፤ ተመለሰ። አጥፍቼ አበራሁ፤ ያለ ኀፍረት ተመለሰ። ጋሽ አድማሱ ከኋላዬ ቆመው እጃቸውን አጣምረው ያዩኛል። አያ ጥሩነህ በመስኮት ያዩኛል። አንዲት አህያ በበሩ በኩል አንገቷን አስገብታ አየችኝ። አንድ ጊዜ ዓይኔን ወደ ስክሪኑ ጥግ ወርወር አድርጌ ሰዓቱን አየሁ፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ ይላል። የእጄን ሰዓት አየሁ፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ። በጥርጣሬዬ አፍሬ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ጓዳ ውስጥ ገብቼ ለራሱ የሚያንሾካሹከውን ፈልጌ አነበብሁ። «መታወቂያው ገና አልጸናም» ይላል። ገና አልጸናም? መታወቂያውን ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ፣ በመስከረም። ምናልባት አበላሽቼው ይሆናል ብዬ በላፕቶፔ በኩል እንጅባራ ገብቼ አዲስ መታወቂያ አወጣሁ። አሁንም «ገና አልጸናም» አለኝ። ሌላ አወጣሁ። ይኸውና የሞኝነቴ ጫፍ፤ ሦስተኛውን ካወጣሁ በኋላ «ትኩስ ስለሆነ ይሆናል» ብዬ እንደ ጠላ ጥንስስ እስኪብላላ ድረስ ተውሁት። እጄን አጣጥፌ ተቀመጥሁ። ኮምፒውተር ተምሬ የተመረቅሁ ሰው መሆኔን እንዳትረሱ።

እየተብላላ ሳለ ጋሽ አድማሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

«በል ተነሣ፣ ምሳ! ስድስት ሰዓት ሆኗል።» ወደ ስክሪኑ ጥግ ጠቆሙ። ስድስት ሰዓት ይላል፤ ዝንፍ የለም።

ላፕቶፔን ልዘጋ ጎንበስ አልሁ። ዓይኔ ጥጉ ላይ አረፈ። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ይላል።

ቆምሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አየኋቸው። አንዱ ስድስት፣ አንዱ ዐሥራ ሁለት። የቅርንጫፉን ሰዓት ጠቅ አደረግሁት። ቀኑ ወጣ። ሁለት ሺህ ሰባት። ከዚያ የላፕቶፔን። ሁለት ሺህ ዐሥራ አራት።

የእንጅባራው ዋና ኮምፒውተር እንደ ፋብሪካው ልማድ በፈረንጅ ዘመን ነው የሚኖረው፤ መታወቂያውም ሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ላይ ነው የተወለደው። የዳንግላው ኮምፒውተር ግን በጋሽ አድማሱ እጅ ተጠምቆ በአገሩ ዘመን ይኖራል። በር ሲያንኳኳ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ የሚወለድ ሰው መታወቂያ ይዞ ይወጣበታል። እናንተስ ብትሆኑ ትገባላችሁ? እኔም ሰዓቱን አይቼ ያለፍሁት በእጄ ያሰርሁት ሰዓት ራሱ የሐበሻ ስለሆነ ነው። ፈረንጅ ቢሆን ገና ከበሩ ሲገባ ያየዋል፤ እኛን ነው እንጂ የሸወደን።

ሳቅሁ። ጋሽ አድማሱ እስኪደነግጡ ድረስ ሳቅሁ። ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ ለወጥሁና አንኳኳሁ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። እንጅባራ ደወልሁ። «ዳንግላ ገብቷል!» አለች ሒሳብ ሹሟ፤ ከኋላዋ ጭብጨባ ሰማሁ። ሱሪዬን ጠበቅ አድርጌ ታጠቅሁ።

«አሁን ይቀበሉ፣ ጋሼ» አልሁ። አያ ጥሩነህ ጆንያቸውን አስመዘኑ። ጋሽ አድማሱ መዘገቡ። ማተሚያው ደረሰኙን አወጣ። አያ ጥሩነህ ደረሰኙን ወደ ብርሃን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት፤ መሠረተ ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው፤ ቁጥር አያልፋቸውም።

«ይኸ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ አያ።»

«እኔ ዛሬ ነው ያስረከብሁት። ይኸ ሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ይላል።»

«እሱ የፈረንጅ ቀን ነው…»

«ድንቹ የፈረንጅ ነው?»

«አይደለም።»

«እኔስ?»

ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ።

«ይኸ ቀን እስኪመጣ ድረስ ድንቹ ይበሰብሳል፤ እኔም እበሰብሳለሁ። ልጆቼ ይህን ይዘው መጥተው ‹አባታችን ያስረከበው› ቢሏችሁ፣ ‹በዚያ ዘመን አባታችሁ ሞቶ ነበር፣ የሞተ ሰው ድንች አያስረክብም› ልትሏቸው ነው።» ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወደ ጆንያቸው ሄዱ። ከኋላቸው የቆሙት ገበሬዎች በአውኝኛ ተነጋገሩ፤ ጆንያቸውንም ወደ አህዮቻቸው መልሰው መጎተት ጀመሩ።

ጋሽ አድማሱ ወደ እኔ ዞሩ። «አየህ? በመስከረም ኮምፒውተሩ የመጣ ጊዜም እንዲህ ሆነ። ሰው ሁሉ ‹ያልመጣ ቀን አንፈርምም› ብሎ ተመለሰ። ሰዓቱን ያስተካከልሁት ለዚህ ነው። እንደ መምህር ልንገርህ፤ ትክክል ናቸው።» እጃቸውን ዘርግተው ሰዓቱን ወደ ሁለት ሺህ ሰባት መለሱት። ማተሚያው የዛሬን ቀን አተመ፤ አያ ጥሩነህ ፈረሙ። በዚያው ቅጽበት መስመሩ ወደቀ።

«ጋሼ፣ መስመሩ!»

«ገበሬው!»

እኔ ወደ ፈረንጅ እለውጣለሁ፣ እሳቸው ወደ አገራችን ይመልሳሉ። ማውሱን ከሁለት ወገን ይዘን ተጓተትን። ከተከበሩ ሽማግሌ እጅ ማውስ መንጠቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እሳቸውም አውቀው ነው አጥብቀው የያዙት። ወይዘሮ ትርንጎ ከእንጅባራ ደወሉ፤ «ምን ሆናችኋል? ገባ ይሉኛል፣ ወጣ ይሉኛል፤ የሠርግ ቤት አምፖል አደረጋችሁት እኮ!»

ነገሩን አስረድቼ ለኢንጂነሩ ደወልሁ። «ደረሰኝ የሚያትመውን ፕሮግራም አስተካክልልንና በእኛ ቀን ያትም፤ ቀላል ሥራ ነው» አልሁት።

«ይቻላል» አለ፤ ተስፋ አደረግሁ። «በደብዳቤ ጠይቁ፤ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል።»

«ገበሬው ግን አሁን ደጅ ላይ ቆሟል።»

«እንግዲያው አስረዱት። ዓለም ሁሉ የሚቆጥረው እንዲህ ነው። ወደ ኋላ መቅረት አያስፈልግም። ካልሆነ ዓርብ ቅርንጫፉን መዝጋት ነው፤ ዘሩን እንጅባራ ያምጡ።»

ተናደድሁ። አልዋሻችሁም፣ ዶሮዋ ላፕቶፔ ላይ ስትቀመጥ እንኳ እንዲህ አልተናደድሁም። በመስኮት ሳይ አያ ጥሩነህ የፈረሙበትን ደረሰኝ አጣጥፈው ጋቢያቸው ውስጥ ሲያስገቡ አየሁ። ወደ ኋላ የቀረ ሰው አይመስሉም። ድንቹ በጊዜው ተተክሎ በጊዜው ወጥቷል፣ እሳቸው በቀጠሯቸው መጥተዋል። ያልደረሰው እኛ ነን። ገበሬው ወደ ኮምፒውተሩ ዘመን የማይሄድ ከሆነ ኮምፒውተሩ ወደ ገበሬው ዘመን ይምጣ አልሁ።

«ጋሼ፣ ማውሱን ይልቀቁልኝ። ሰዓቱን አልነካም። ወደ እንጅባራ ተመልሼ ዋናውን ነው የምለውጠው።»

ጋሽ አድማሱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ጎበዝ ተማሪ አዩኝ። ከዚያ በልማዳቸው ጥያቄ ለመጠየቅ ዕድል ሰጡኝ።

«ወሮቹን እንዴት ነው የሞሉት?» አልሁ።

«በተራቸው። አንደኛው መስከረም፣ ሁለተኛው ጥቅምት።»

«የፈረንጅ ሁለተኛ ወር እኮ ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ናት። ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ ሲመጣ ምን ሊሆኑ ነው?»

«ኮምፒውተሩን ሁለት ቀን አሳርፈዋለሁ። ደክሞታል።»

«ጳጉሜንስ?»

«ጳጉሜን ስትመጣ እኔም አንተም ፈቃድ እንወጣለን።»

ሐሙስ እንጅባራ ተመልሼ የዋናውን ኮምፒውተር ዘመን ወደ ሁለት ሺህ ሰባት፣ ጥቅምት፣ የእኛ ሰዓት መለስሁት። በዚያው ዘመን አዲስ መታወቂያ አወጣሁ፤ እንደ ማንኛውም ጊዜ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል። ወይዘሮ ትርንጎ ከኋላዬ ቆመው «ይህ ነገር ይፈቀዳል?» አሉኝ። «አይፈቀድም፣ እትዬ» አልሁ። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው በሩን ዝጋና ሥራ» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ትርንጎን እወዳቸዋለሁ።

ዓርብ ቦርዱ ተቀመጠ። ስክሪኑን ግድግዳው ላይ አበራሁት። ዳንግላ አንኳኳ። ዋናው ኮምፒውተር መታወቂያውን አሳየ፤ በዚህ ወር የተወለደ፣ ዘመኑ ከዘመኑ የገጠመ። በሩ ተከፈተ፤ የዳንግላ ደረሰኞች በስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ መታየት ጀመሩ፤ የአያ ጥሩነህም አለ። የቦርዱ ሰብሳቢ «እንግዲህ ቅርንጫፉ አይዘጋም» ብለው ሳይጨርሱ የወይዘሮ ትርንጎ ስልክ ጮኸ። ኢንጂነሩ ነው። ሁሉም እንዲሰማው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እንጅባራ ከእኛ ጋ ተቋርጧል! ምን ነክታችሁ ነው?»

ያኔ ነገሩ ገባኝ። አዲሱ መታወቂያዬ በሁለት ሺህ ሰባት ተወልዶ በሁለት ሺህ ስምንት የሚያበቃ ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ በሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ይኖራል። ፊተኛው ለዳንግላ ገና ያልተወለደ ነበር፤ ይህኛው ለባሕር ዳር ሞቶ የተቀበረ ነው። ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ስንት ዓመት የጠበቅሁት ጊዜ ነበር።

«አጥፍተህ አብራው» አልሁት።

«አጥፍቼ አብርቻለሁ!»

«መብራቶቹ አረንጓዴ ናቸው?»

«ናቸው! ችግሩ ከእናንተ ነው። የኮምፒውተራችሁ ቀንና ሰዓት ትክክል ነው?»

የእጄን ሰዓት አየሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን አየሁ። ስክሪኑን አየሁ። ሦስቱም አንድ ናቸው።

«ትክክል ነው» አልሁ።

ቆይቶ ገባው። መግባቱ የታወቀው በመጮሁ ነው። «ሰባት ዓመት ወደ ኋላ መለሳችሁት! የክልሉ ሪፖርት ሁሉ በእናንተ ምክንያት ሊቆም ነው!»

ወይዘሮ ትርንጎ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ወደ ኋላ አልተመለስንም፣ የኔ ልጅ። እኛ ዛሬ ላይ ነን። ድንቹም ዛሬ ነው የገባው።»

«እናትዬ፣ እባክዎ ሰዓቱን ይመልሱልኝ።»

«ደረሰኙ የእኛን ቀን ሲያትም እንመልሳለን» አልሁ እኔ። «ከፈለግህ በደብዳቤ እንጠይቅሃለን፤ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት።»

አንድ ዓመት ይፈጃል የተባለው፣ ደረሰኙን በእኛ ቀን የሚያትመው ማስተካከያ ማክሰኞ ማለዳ ተጠናቆ መጣ። ቃሌን ጠበቅሁ፤ ሁለቱንም ኮምፒውተሮች ወደ ፈረንጅ ሰዓት መለስሁና መታወቂያውን አደስሁ። ዳንግላ ሄጄ ስለውጥ ጋሽ አድማሱ ከኋላዬ ቆመው አዩኝ። ስጨርስ ከመሳቢያቸው ፕላስተር አወጡና የስክሪኑን ጥግ፣ ሰዓቱ ያለበትን ቦታ፣ አሳምረው ለጠፉበት። «መስመራችሁን አልነካሁም» አሉኝ፤ «ነገር ግን በእኔ ቤት የተሳሳተ ሰዓት አይታይም።»

አያ ጥሩነህ የቀረ ጆንያ ይዘው መጥተው ነበር። ማተሚያው ደረሰኙን ሲያወጣ ተቀብለው ወደ ብርሃን አቀኑት፤ ቀኑን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከዚያ ወደ ጋሽ አድማሱ ዞረው «ዛሬ ነው?» አሉ።

«ዛሬ ነው» አሉ ጋሽ አድማሱ።

አያ ጥሩነህ ፈረሙና ደረሰኙን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ። «በሉ፣ አሁን አስረከብሁ» አሉ፤ አህያቸውንም ፈትተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።